ከሌለ አድራሻ ስም የጠየቀው

ለእንዲህ ዓይነት ወሬ ጆሮ ያለኝ ሰው አይደለሁም፣ እመኑኝ፣ ፍኖተ ሰላም እናቴ ቤት ዘመድ ተሰብስቦ ስለ መተትና ስለ ዛር ከተነሣ ስልኬን ይዤ ወደ ጓዳ የምገባው እኔ ነኝ፣ ሥራዬም ኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ የታዘዘውን ያደርጋል፣ ከተበላሸም ያበላሸው ሰው ይኖራል እንጂ በራሱ ምንም አይሆንም። እናም ይህን የማወራችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፣ የሆነውን እንዳየሁት ልንገራችሁና እናንተ የመሰላችሁን በሉ።

ባለፈው ክረምት ነው፣ ቡሬ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የእህል ማቀነባበሪያ ድርጅት አስጠራኝ። ፕሮግራሞቻቸውን በሙሉ ወደ ኮንቴይነር ክላስተር አዛውረዋል፣ ይህ ምን መሰላችሁ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም በየራሱ ዝግ ክፍል ይኖራል፣ ክፍሎቹ እየፈረሱ ስለሚሠሩ አድራሻቸው በየጊዜው ይለዋወጣል፣ ስለዚህ አንዱ ሌላውን የሚፈልገው በስሙ ነው፣ መሐል ላይ ዲ ኤን ኤስ የሚባል አለ፣ «እገሌ የት ነው?» ሲሉት አድራሻውን ይናገራል፣ ካላወቀው «የለም» ይላል፣ በቃ ሥራው ይኸው ነው። የእነሱ ችግር የመኪና ሚዛኑና መጋዘኖቹ የራሳቸው ዶሜይን ስላላቸው ነው፣ ስማቸው ሁሉ በ«ጎተራ» ያልቃል፣ ክላስተሩ ደግሞ ይህን ስም አያውቀውም፣ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ይጠይቅና ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እኔ የተጠራሁት «በጎተራ የሚያልቅ ስም ሲመጣ ወደ ውጭ አትሂድ፣ የግቢውን ሰርቨር ጠይቅ» የሚል ትእዛዝ ላስገባ ነው። ቀላል ሥራ ነው፣ ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ ለምን ጀምሮ ጥሎት እንደሄደ ግን የነገረኝ የለም።

ሥራ አስኪያጁን አቶ ሙሉቀን እላቸዋለሁ፣ ገና ከበሩ ላይ ነው በቁጣ የተቀበሉኝ።

«አንቺ ነሽ የተላክሽው? ሌላ ሰው አጡ?»

«እኔው ነኝ፣ የምቀመጥበትን ብቻ ያሳዩኝ።»

«ዛሬ ካልሠራ ነገ መኪናው ሁሉ በር ላይ ይገተራል፣ ያን ጊዜ ለሹፌሮቹ መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ!»

ያስቀመጡኝ ሚዛን ቤት ነው፣ ጠባብ ክፍል ናት፣ በመስኮቷ መኪና የሚመዘንበት ትልቁ ብረት ወለል ይታያል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ክብደቱን በቀይ የሚያሳይ ሰሌዳ አለ። ሚዛኗ ላይ የምትሠራው ሰብለ የምትባል ልጅ ወንበር እየሰጠችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አትቀየሚያቸው፣ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ነው እንዲህ የሆኑት» አለችኝ። ትእዛዙን አስገባሁ፣ ዲ ኤን ኤሱን አጥፍቼ አስነሣሁት፣ ሚዛኑን በስሙ ጠየቅሁት፣ አድራሻውን ወዲያው መለሰልኝ። ሰብለ አጨበጨበች፣ ሰማዩ መጥቆሩን አየችና ዝናብ ሳይጀምር ልድረስ ብላ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች፣ ሌላውም ሠራተኛ እየወጣ ነበር። እኔ ግን ሥራ አስረክቤ ከመሄዴ በፊት የሚመጣውን ጥያቄ ትንሽ ልየው ብዬ ላፕቶፔ ስክሪን ላይ እንዲታይ አደረግሁና ተቀመጥሁ። ምነው ባልተቀመጥሁ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፣ ከሰሌዳው ውስጥ «ቀጭ» የሚል፣ ቀና ስል ዜሮ የነበረው ቁጥር ከፍ ብሎ ተመልሶ ዜሮ ሆነ፣ ውጭ ማንም የለም፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ የዝናብ ክብደት ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ አለፈ፣ ወልደ ሩፋኤል ጎተራ የት ነው ይላል፣ መልሱ «የለም»። እንዲህ የሚባል ማሽን ማንም አልሰየመም፣ የቀድሞው ባለሙያ የተወው ቀልድ ይሆናል ብዬ ጠያቂው ማን እንደሆነ አየሁ፣ አድራሻው የክላስተሩ ነው፣ ነገር ግን ለየትኛውም ክፍል አልተሰጠም። ቀጭ። ወልደ ሩፋኤል ጎተራ የት ነው? የለም። ተናደድሁና ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ዘጋኋቸው፣ ሁሉም ሞቱ፣ ሊጠይቅ የሚችል ነገር አልቀረም፣ እመኑኝ ጥያቄው ግን አልቆመም፣ እንዲያውም ፈጠነ፣ በመጣ ቁጥር ደግሞ የውጭው ብረት ወለል ሰው ከዳር እንደሚረግጠው ሁሉ ያቃስታል፣ ቀጥሎ ሲያቃስት ትንሽ ወደ መስኮቱ ቀረብ ብሎ ነው።

በሩ በርግዶ ተከፈተ፣ አቶ ሙሉቀን ናቸው። «እስካሁን አልጨረስሽም?» ብለው ጮኹና ስክሪኑን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይህን ስም ማን ነገረሽ?»

«የማን ስም ነው?»

«አትቀልጂብኝ! የክርስትና ስሜ ነው! ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም፣ ሁለቱም ከመሬት በታች ናቸው። ማነው የላከሽ? ኮከቤን የት ጠንቋይ ቤት ነው ያስቆጠርሽብኝ?»

በሩን ከኋላቸው ቆለፉት። ክንዴን ሲይዙኝ ጣቶቻቸው ሥጋዬ ውስጥ ገቡ፣ እኔ ስለ ሰርቨር፣ ስለ ጥያቄ፣ ስለ ምናምን እየተንተባተብሁ ሳለሁ ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ሄደ፣ ሌላ ስም መጥቷል። የእኔ ነው። የክርስትና ስሜ። ሰው ፊት ጠርቼው የማላውቀውን፣ መዝገብም ሆነ ወረቀት ላይ የሌለውን ስም፣ እዚያ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ የት ናት እያለ ይጠይቃል፣ መልሱ «የለም» ነው። ሰውዬው ሳያዩት በመዳፌ ሸፈንሁት።

ይኼኔ ከውጭ ተጠሩ። የአሮጊት ድምፅ ነው፣ አልጮኸችም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እንዲያ እየደበደበው እንዴት እንደሰማናት አላውቅም፣ «ወልደ ሩፋኤል» አለች፣ ልጇን ለምሳ እንደምትጠራ እናት። ክንዴን የያዘው እጅ ላላ። ያ ሁሉ ቁጣ ከፊታቸው ተገፈፈና እንደ ሕፃን ሆኑ፣ «አቤት እማዬ» አሉ።

እሱን ካሉበት ቅጽበት ጀምሮ ስክሪኑ ላይ «የለም» የሚለው መልስ ቀረ፣ ወልደ ሩፋኤል አድራሻ ተሰጠው፣ አድራሻውም የጠያቂው የራሱ ነው።

በሩን ከፍተው ዝናቡ ውስጥ ገቡ፣ በመስኮት አየኋቸው፣ ሚዛኑ መሐል ሄደው ቆሙ፣ የግድግዳው ሰሌዳ የአንድ ሰው ክብደት አሳየ፣ ከዚያ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር፣ እንደተቀዳደደ ጆንያ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ዜሮ ገባ፣ ሰውዬው ግን እዚያው ቆመዋል። ከዚያ ዞሩና በመስኮቱ ወደ እኔ አዩ።

ሲመለሱ እርምጃቸው አይሰማም። «እስካሁን ስቆጣሽ ዋልሁ፣ ይቅር በይኝ» አሉ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ፈገግ ብለው፣ ያን ፈገግታ ከማይ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። «ደግ ልጅ ነሽ። የክርስትና ስምሽ ማነው?»

«የለኝም።»

«ሁሉም አለው።»

ያስገባሁትን ትእዛዝ አጠፋሁት፣ ስክሪኑ ግን ስሜን መጠየቁን አልተወም፣ እሳቸው ስሙን ከሰው አፍ ካልሰሙት አይዙትም መሰለኝ፣ ላፕቶፑን ገመዱ እየተንጠለጠለ አንሥቼ በጎናቸው ሾልኬ ወጣሁ። አልከለከሉኝም፣ አልተከተሉኝምም፣ በሩ ላይ እንደቆሙ ይጠሩኝ ጀመር፣ «ወለተ ማርያም» አሉ፣ ጠበቁ፣ «ወለተ ጊዮርጊስ» አሉ፣ ጠበቁ፣ «ወለተ ሚካኤል»፣ በተቆለፈ በር ላይ ቁልፍ እየቀያየረ እንደሚሞክር ሰው፣ በየስሙ መሐል ዞር እል እንደሆነ እየጠበቁ። አልዞርኩም። አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አገኘሁ፣ ቡሬ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝሁ፣ ፍኖተ ሰላም እስክደርስ ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ እንኳ በቃል አልመለስሁለትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሰብለ ደወለች፣ እየሳቀች ነው። «ምን አድርገሽልን ነው የሄድሽው? ሰውዬው እኮ መልአክ ሆኑ፣ ቁጣ የለ፣ ስድብ የለ። ብቻ ትናንት ከመኪናው ጋር ሚዛኑ ላይ ወጥተው ነበር፣ ሲወርዱ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፣ ተበላሽቶ ይሆን? ደግሞ የሁላችንንም የክርስትና ስም ይጠይቁናል።»

«ሰብለ፣ ነገርሻቸው?»

«ምን አለበት? ደግ ሰው ሆኑ እኮ… ቆይ፣ ከውጭ እየጠሩኝ ነው።»

«አቤት እንዳትዪ!» ብዬ ጮኽሁ፣ ስልኩ ግን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ከሩቅ ድምፅዋን ሰማሁት፣ «አቤት» ስትል። ደጋግሜ ብደውል በመጨረሻ አነሣችው፣ ሳቋ የለም፣ ድምፅዋ ለስልሷል፣ ረጋ ብላ፣ «ለመሆኑ የክርስትና ስምሽ ማነው?» አለችኝ። ዘጋሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ደብር ናቸው ያጠመቁኝ፣ አሁን እጅግ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው፣ መስቀል ከተሳለምሁ በኋላ፣ «አባቴ፣ ስሜን ማንም ቢጠይቅዎት እንዳይናገሩ» አልኋቸው።

ቀና ብለው ድምፄን አዳመጡት። «አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ? ደህና ነሽ? አልጋ ይዛለች ሲለኝ ደንግጬ ነበር።»

«ማነው ያለዎት?»

«አንድ ጨዋ ሰው ነው፣ ከቡሬ ነው የመጣሁት ያለኝ። አጠገቤ እዚህ ቁጭ ብሎ ብዙ አወራን፣ እንዲያ ያለ ትሑት ሰው ከየት ይገኛል።»

«አባቴ፣ ነገሩት?»

መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጭብጥ አድርገው ያዙት።

«ለጸሎት ነው ያለኝ» አሉ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ልጆቼ ከሌላ ክፍል ሆነው እንዳይጠሩኝ ከልክያቸዋለሁ፣ የሚፈልጉኝ ከሆነ መጥተው እንዲነኩኝ ነው የነገርኋቸው፣ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኋቸውም።