ከጨዋታው በፊት የማይጠፋው እሳት

ኦርቪል ታንገን ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ጓንቱን እንዳጠለቀ፣ ሰማያዊ የሱፍ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ እንደሳበ፣ በመኪና በምትጎተተው የመኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። የእኛ ብራንደል ኮሌጅ ከኬስተን ጋር የሚገጥምበት የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ሊጀመር አምስት ሰዓት ቀርቶታል። እውነቱን ለመናገር፣ ወሬው ደጋፊዎች ከዋዜማው ጀምረን በምንሰፍርበት፣ ከስታዲየሙ ጎን ባለው ሣር ሜዳ ላይ ከድንኳን ድንኳን ሲዛመት፣ «ነፍስ ይማር» ካልን በኋላ ሁላችንም ቀና ብለን ያየነው ሰማዩን ነው። እንደገና ይዘንብ ይሆን? ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን ያደረግነው ይህንኑ ነው።

የሟቹ ጉንጭ የጤነኛ ሰው ይመስል ቀልቷል። የተጠራው ሐኪም ጎንበስ ብሎ አየውና «የተቃጠለ ነገር ጋዝ ነው። ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው። እንቅልፍ ላይ ካገኘህ አለቀልህ» አለ። ቀጥሎም አልጋው አጠገብ ወዳለው የጋዝ ማሞቂያ ጠቆመ።

ማሞቂያውን ማክሰኞ ዕለት የጠገነው የሟቹ አንድያ ልጅ ኬንት ነው። ሙያው ነው፤ የኦስጉድን ከተማ ግማሽ ማሞቂያ የሚጠግነው እሱ ነው። አሁን እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት እጆቹን እንደ ሰው ዕቃ ያያቸዋል።

«በእነዚህ ነው» ይላል ደጋግሞ። «አባቴን በእነዚህ እጆቼ ገደልኩት።»

መርማሪ ዶሎሬስ ሃቭሊክ አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። አጭር፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላት፣ የሱፍ ፍሬ ከኪሷ የማይጠፋ ሴት ናት። እዚሁ ኦስጉድ ተወልዳ ያደገች ስትሆን የዚያን ቀን ጨዋታ ትኬት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። «ማሞቂያው ነው» ብላ ፈርማ ብትሄድ በጊዜ ቦታዋን ትይዛለች። ሐሳቡ መጣባት። በራሷ ተናዳ የሱፉን ቅርፊት እንትፍ አለችና ወደ ሟቹ ተጎታች ቤት ገባች።

ብዙ ቆየች። ማሞቂያውን ዳሰሰችው፤ ቀዝቃዛ ነው፤ መክፈቻው ግን እንደተከፈተ ነው። የሟቹን ጓንት አየች። ከዚያ ተንበርክካ፣ አልጋው ግርጌ ያለውን የወለሉን የፕላስቲክ ንጣፍ በጣቷ ነካካች። ሦስት የተቃጠሉ ክብ ምልክቶች ነበሩበት፤ እያንዳንዳቸው ሳንቲም ያህላሉ። የአንድ ጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለካችበት፣ ሁለት ቋጠሮ አሰረችበትና ኪሷ ከተተችው።

«ኬንት፣ ተነሥ እስቲ። አባትህ ማሞቂያ እየነደደ ካፖርትና ጓንት አድርጎ ነው የሚተኛው?»

«ኧረ በጭራሽ! ሙቀት አይወድም። እናቴ ብርድ ልብስ ስትደርብበት እንኳ ይጣላታል።»

«ማሞቂያውን መቼ ለኮስከው?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋ። ሙሉ ሲሊንደር ነው የገጠምኩለት። ሁለት ቀን ይሄዳል።»

ሃቭሊክ ከተጎታቿ ጀርባ ዞረችና የጋዙን ሲሊንደር በአንድ እጇ አንጠለጠለችው። ባዶ ነበር።

ኬንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ይሄ የኔ አይደለም! የኔ አንገቱ ላይ ቢጫ ቀለም አለው።»

«ለጊዜው ዝም በል» አለችው። «እጆችህንም ተዋቸው፤ ምንም አላደረጉህም።»

ከጎን ያለው ድንኳን የዱዌይን ነው፤ የድንኳኑ ማለት ከተቻለ። ጠዋት በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ሲመጣ ንፋሱ ሸራውን ገንጥሎ አጥር ላይ ጥሎታል። ዱዌይን ከሃቭሊክ ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። የጋዝ ምድጃው ላይ ቋሊማ እየጠበሰ አገኘችው።

«ከኦርቪል ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ሜዳው ሁሉ ሰምቷል፣ ምን ትጠይቂኛለሽ? አንድ ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ንፋስ ኳስ የሚያስወረውር አሠልጣኝ ደሞዙን ይመልስ፤ ኳሱን ይዘው ይሩጡ አለ። እኔ ደግሞ ሦስቴ ሮጦ ሦስቴ መውደቅ ሰልችቶናል አልኩት። አንተ አሠልጣኝ ብትሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አንድም ጨዋታ አናሸንፍም ነበር አለኝ። እኔም...» አቋረጠ።

«አንተም?»

«ሂድና ተኛ፣ ሳትነቃ ቅር አልኩት።» መጥበሻውን ትቶ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ሠላሳ ዓመት ስንሰዳደብ ኖረናል፣ ዶሎሬስ። እሱም እየሳቀ ነው የገባው። ጉንፋን ይዞት ነበር፤ የሳል መድኃኒቱን ጨለጠና እስከ ጨዋታው እንዳትቀሰቅሱኝ አለ።»

ሃቭሊክ ጎንበስ አለች። ዓይኗ ከምድጃው ሥር ባለው ሲሊንደር ላይ ነበር። አንገቱ ላይ ቢጫ ቀለም አለው።

የሟቹ ሚስት አርዲስ በጭነት መኪናቸው ውስጥ ተቀምጣ፣ የባልዋን ቴርሞስ በጉያዋ ይዛለች።

«ዝናቡ የጀመረው ለሁለት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ነው» አለች። «ሁላችንም ወደየመኪናችን ሮጥን። እኔ ሳልፍ የተጎታቿ በር ገርበብ ብሎ ንፋስ ሲያንገላታው አየሁ። ጉንፋኑ እንዳይብስበት ብዬ እጀታውን አዙሬ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ገብቼ ባየውስ ኖሮ? አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ፀጉሬ እንዳይርስ ብዬ ነው የሮጥኩት፤ ለፀጉሬ!»

ሃቭሊክ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ነበር። ስለ በሩ ግን ምንም አልጻፈችም።

«ሜዳው ላይ ማን ቀረ?»

«ሜርል ነዋ። ሜርል እሳቱን ጥሎ የት ይሄዳል?»

ይህን እሳት በኦስጉድ የማያውቅ የለም። ኦርቪልና የልብ ጓደኛው ሜርል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየጨዋታው ዋዜማ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ባለ ሦስት እግር የብረት ምድጃ ላይ ከሰል ያቀጣጥላሉ። እሳቱ ቅዳሜ ጨዋታው እስኪጀመር መጥፋት የለበትም። ከጠፋ እንሸነፋለን። ከሦስት ዓመት በፊት ዝናብ አጠፋውና በኬስተን በአንዲት ነጥብ ተሸነፍን። ዘንድሮ ስምንት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈናል። የተማረ ሰው አያምንበትም ትሉ ይሆናል፤ የኮሌጁ የሒሳብ መምህር ራሱ በየሳምንቱ እያለፈ «አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሜርል ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። እሳቱ አጠገብ ጣጥፎ በሚይዛት ወንበሩ ላይ ተኮራምቷል።

«ጋሽ ሜርል፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ እንዴት አተረፉት?»

«ጃንጥላ ይዤለት ቆምኩ» አለ ቀና ሳይል።

«አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሙሉ?»

«ሦስት ሰዓት እስኪያባራ። ከዚህም የባሰ ቆሜ አውቃለሁ።»

«ብርቱ ነዎት» አለች ሃቭሊክ። ከምድጃው ሥር ያለውን ሣር አየች። አመዱን በእንጨት ጫር አደረገችው፤ ዱቄት ነው፤ ብን አለ። ከዚያ ከኪሷ የጫማ ማሰሪያዋን አውጥታ፣ ለማሰር የምታጎነብስ መስላ፣ በሁለት የምድጃው እግሮች መካከል ዘረጋችው።

ስድስት ሰዓት ላይ አራቱንም እሳቱ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሰማዩ እንደ ጠዋቱ ጠቁሯል። ከስታዲየሙ የሙዚቃ ባንዱ ልምምድ ይሰማል።

«ኬንት» አለች፣ «አንተ ማንንም አልገደልክም። አባትህ ሲሞት ማሞቂያው አልነበረም የሚነደው። ሰው በሞቀ ክፍል ውስጥ ጓንት አጥልቆ አይተኛም። ብርዱ ሲመጣበት በእንቅልፍ ልቡ ካፖርቱን ደረበ፣ መልሶ ተኛ። ማሞቂያው የጠፋው ደግሞ ጋዙ ስለተወሰደ ነው። ዱዌይን፣ አንተው ትናገራለህ ወይስ እኔ ልናገር?»

ዱዌይን ኮፍያውን አወለቀ። «የኔ አልቆብኝ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቀየርኩት። ተናድጄበት ነበር፤ ትንሽ ይብረደው ብዬ ነው። ለቀልድ! ከዚያ ማሞቂያው ነው የገደለው ሲሉ፣ እኔ ስነካካው ያበላሸሁት መሰለኝ። ኬንት፣ ይቅር በለኝ። እየሰማሁህ ቋሊማ ስጠብስ ነበር።»

ኬንት ወደ እሱ አልዞረም። ሃቭሊክን ነው የሚያየው።

«ታዲያ ምን ነደደ?» አለች እሷ። «አልጋው ግርጌ ወለሉ ላይ ሦስት የተቃጠሉ ምልክቶች አሉ። ለካኋቸው።» ማሰሪያውን አወጣችና ከምድጃው እግሮች ጋር ደግማ አስተያየችው። ቋጠሮዎቹ ልክ ገጠሙ።

አርዲስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ቀጥሎ እዚህ ተመልከቱ። ምድጃው ከትናንት ጀምሮ አንድ ቦታ ነው የቆመው ተባለ። ግን እግሮቹ ካሉበት አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ሦስት የቆዩ ጉድጓዶች አሉ፤ ውኃ ሞልቷቸዋል። እግሮቹ እዚያ ቆመው ቢሆን ኖሮ ውኃ በምን በኩል ይገባል? ዝናቡ ሲዘንብ ምድጃው ቦታው ላይ አልነበረም ማለት ነው። አመዱ ዱቄት ነው፤ ጣሪያ ሥር ነበር ማለት ነው። የዱዌይንን ድንኳን የገነጠለ ንፋስ ደግሞ ጃንጥላ አይምርም። በዚህ በኩል የቀረው ጣሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ የኦርቪል ተጎታች ቤት። የተቀጣጠለ ከሰል ቤት ውስጥ የሚያስገባ፣ ሰው ለመግደል የፈለገ ነው፤ አለዚያም ከምንም በላይ እሳቱ እንዳይጠፋ የፈለገ ነው። ጋሽ ሜርል፣ እርስዎ ኦርቪልን ሊገድሉ አልፈለጉም።»

ሜርል አንገቱን ወደ እሳቱ ደፋ።

«ቀዝቅዞት ነበር» አለ በመጨረሻ። «ስገባ እየተንቀጠቀጠ ተኝቷል። እንዲያውም ይሞቀዋል ብዬ ደስ አለኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ላወጣው ስገባ ኦርቪል፣ እሳቱ ተርፏል፣ ዘጠነኛውንም እናሸንፋለን አልኩት። ተኝቷል ብዬ በእግሬ ጣት ወጣሁ። አርዲስ ስትጮህ ነው የገባኝ።»

«ጋሼ» አለ ኬንት። «ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ገደልኩት እያልኩ ሳለቅስ፣ አይሰሙኝም ነበር?»

«እሰማህ ነበር፣ ልጄ።»

«እና?»

«አንተ ወጣት ነህ፣ ትችለዋለህ ብዬ ነው።» ሜርል ይህን ብሎ የራሱ አፍ ራሱን ያስደነገጠው መሰለ። «ፈሪ ነኝ። ሌላ የምለው የለኝም። ግን በሩን ክፍት አድርጌው ነበር! በኦርቪል ነፍስ እምላለሁ፣ አየር እንዲገባ ገርበብ አድርጌው ነው የወጣሁት። ስመለስ ተዘግቷል። ማነው የዘጋው?»

«ንፋስ ነው» አለች ሃቭሊክ ወዲያው።

እስከዚያ ድረስ ሁሉንም ነገር በዝግታ፣ በማስረጃ ነበር የተናገረችው። ይህቺን ብቻ ማንም ሳይቀድማት ተጣድፋ ተናገረች።

አርዲስ ቀስ ብላ ተነሣች። ፊቷ እንደ አመዱ ነጥቷል። «ሜርል፣ እሳቱን አጥፋው።»

«አርዲስ... ጨዋታው እኮ ገና አልተጀመረም» አለ ሜርል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲለው የኖረ ነገር ነው፤ ሳያስበው ነው የወጣው። ዱዌይን ፊቱን አዞረ። ሜርል ያለውን ሲሰማው ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ጫነና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። አርዲስ ቢራ የሚቀዘቅዝበትን ባልዲ አነሣችና በረዶውንም ውኃውንም ከሰሉ ላይ ደፋችው። እንፋሎቱ ሽቅብ ሲወጣ ከየድንኳኑ «እሳቱ! እሳቱ!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ደግሞ ማን እንዳጠፋው ሲታይ ጸጥ አለ።

አንድ ፖሊስ ሜርልን ደግፎ ወደ መኪናው ወሰደው። ኬንት ትንሽ ከተከተላቸው በኋላ ቆመ፤ ሊመታው ይሁን ሊያቅፈው እሱም አላወቀም።

አርዲስ ባዶውን ባልዲ እንደያዘች ወደ ሃቭሊክ ቀረበች። ልጇ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ዶሎሬስ፣ ንፋስ የበር እጀታ ያዞራል?»

ሃቭሊክ እጇን ኪሷ ከታ የሱፍ ፍሬ ፈለገች። አልቆ ነበር።

«አንዳንዴ ያዞራል» አለች።