ገበሩ አይነካም

ሟቿ ከስፌት መኪናዋ እግር ስር በጎኗ ተጋድማለች። ጆሮ ግንዷን የመኪናው ብረት መትቶታል። ከበታቿ የተሰባበረ የሸክላ ሳህን አለ፤ ሳህኑ ይዞት የነበረው ነጭ ፓውደር ደግሞ ወለሉንም ጠረጴዛውንም ዱቄት የተነፋበት አስመስሎታል። በዱቄቱ መሀል ወርቅማ ዶቃ ተበትኗል።

መርማሪውን ባልደረቦቹ «ምስጥ» ይሉታል፤ ድምፁን ሳያሰማ ከውስጥ ከውስጥ ስለሚበላ ነው። እሱም ስሙን አይጠላውም። በሩ ላይ ሲደርስ የጣቢያው አዛዥ ሥራውን ጨርሶ ጠበቀው።

«ነገሩ አልቋል» አለው አዛዡ። «ዳንሰኛዋ ናት። ትናንት ከሟቿ ጋር ጎረቤት እስኪሰማ ተጨቃጭቃለች፤ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ከዚህ ክፍል እየሮጠች ስትወርድ ታይታለች። ታች ይዘናታል። ሌላ ምን ቀረህ?»

«ዶቃው» አለ ምስጥ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰውን አይቻለሁ፤ ገና አልለቀምኩም።»

አዛዡ በረጅሙ ተነፈሰ። የምስጥን ቀልድ የሚወድ ሰው በጣቢያው ውስጥ አልነበረም።

ክፍሉ አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና በመጋረጃ የተለዩ ሁለት አልጋዎች አሉት። ሁለት እህትማማቾች ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመድረክ ልብስ እየሰፉ የኖሩበት ነው። ጠረጴዛው ላይ ጠብ ያስነሳው ልብስ ተዘርግቷል፤ ዶቃ የለበሰ የጡት መያዣና ሰፊ ቀበቶ፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ፣ ዘርፉ ወርቅማ። ከሰልባጅ የተገዛ አሮጌ የሆድ ዳንስ ልብስ ነው። የቀበቶው ዘርፍ እስከ ግማሹ ታድሷል። የውስጡ ገበር ግን በአንድ በኩል ተተርትሮ፣ ለማጠንከሪያ የገባ ሰማያዊ አበባ ያለው ጨርቅ ብቅ ብሏል። ስፌቱን የፈታው እጅ አንድም ቦታ ጨርቁን አልቀደደም።

በጠረጴዛው ጠርዝ በኩል የመርፌ ትራስ ተቀምጣለች። ፓውደሩ እሷንም አልማራትም። ምስጥ አንድ ጥጓን እፍ ሲል ከስሩ ሰማያዊ አበባ ወጣ። ትራሷ ላይ አስራ ሁለት መርፌዎች ተሰክተዋል፤ የሁሉም ወይን ጠጅ ክር ሰም ተቀብቶ፣ እኩል ተቆርጦ፣ ጫፉ ተቋጥሮ በዱቄቱ ላይ ተኝቷል። ምስጥ አጎንብሶ ብዙ አያቸው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አያቸው። ያየው ነገር ደስ አላለውም።

ታናሽየዋ እህት ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጀርባዋ ግን ሸምበቆ የመሰለ ሴት ናት። ጣቶቿ ባዶውን አየር ያጠነጥናሉ።

«እትዬን ደህና ትቻት ነው የወጣሁት» አለች። «ቁጭ ብላ ዘርፉን ትሰፋ ነበር። ክር ሊያልቅብን ስለሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። አራት ሰዓት ላይ ስመለስ…»

«ፓውደሩ ለምንድን ነው?»

«ለአሮጌ ልብስ ነው። ዶቃ ያለበት ልብስ አይታጠብም፤ ፓውደር ይነሰነስበትና ላቡንና ቅባቱን ይመጥጠዋል።»

«መርፌዎቹስ?»

«የእሷ ናቸው። ዐይኗ ከደከመ አምስት ዓመቱ፤ ጣቷ ግን ያያል። ጠዋት ጠዋት አስራ ሁለት መርፌ ክር አስገብቼላት እወጣለሁ። እስከ ምሳ ትጨርሳቸዋለች።»

«ዛሬም?»

«ዛሬም አስገብቼላት ነው የወጣሁት።»

«ገበሩን ማን ተረተረው?»

ጣቶቿ ቆሙ። «እሷ ትሆናለች» አለች።

ምስጥ አመስግኖ ወረደ።

ዳንሰኛዋ ምድር ቤት ባለው የሰልባጅ ሱቅ ውስጥ በፖሊስ ተጠብቃ፣ ከተንጠለጠሉት ኮቶች መሀል ተቀምጣለች። ስታየው ተነሳች።

«ጋሼ፣ እኔ አልነካኋቸውም! በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋ ሳደርገው ወድቀው አየሁና ሮጥኩ።»

«ለምን አልጮኽሽም?»

«ሆዷን እያሳየች የምትኖርን ሴት ማን ያምናታል? ይኸው፣ አልታመንኩም።» ዐይኗን በመዳፏ ጠረገች። «በአራት ቀን ውስጥ መድረክ ላይ ካልወጣሁ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ቦታ ነው።»

«የትናንቱ ጠብ በምን ነበር?»

«ወገቡ ጠቦኝ ነው። ለማስፋት ገበሩ መፈታት አለበት አልኳቸው። ታላቅየዋ ልብሱን ሲዳብሱት ቆይተው በድንገት ተቆጡ። ‹ገበሩ አይነካም! ይዘሽልኝ ሂጂ!› አሉኝ። ታናሽየዋ ግን ደረጃው ላይ ተከትለው መጡና ‹ግድ የለሽም፣ ጠዋት እኔ እፈታዋለሁ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ነይና ለኪው› አሉኝ።»

የሱቁ ነጋዴ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ ጆሮውን አቁሟል። ወሬ የሚጠላ መስሎ ወሬ የማያመልጠው ዓይነት ሰው ነው።

«ጌታው፣ እኔ በሰው ነገር አልገባም» አለ። «ታናሽየዋ ግን ንጹህ ናት። አራት ሰዓት ላይ ደረጃውን ስትወጣ ‹እትዬ፣ ክሩን አገኘሁ!› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ገዳይ እንዲህ ይጣራል?»

«አይጣራም» አለ ምስጥ። ከልቡ ነበር። «ልብሱን ከየት አመጣኸው?»

«ጡረታ የወጣች ዳንሰኛ ዕቃዋን ስትሸጥ። እሷ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በፊት አገጯ ላይ ማርያም ከሳመቻት ረጅም ስፌተኛ ነው የገዛችው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሟቿን አገጭ ሳይ ገብቶኝ ነበር። ግን ምን አገባኝ? ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

ከቀትር በኋላ አስር ሰዓት ላይ ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ቦታው ግን ከዱቄቱ መሀል ባዶውን ቀርቷል። የሐኪሙ ወረቀት ደርሶ ምስጥ ኪስ ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ አንብቦት፣ ሁለተኛ ሊያነበው አልፈለገም። ሟቿ ከወደቀች በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ትተነፍስ እንደነበርና ሰው ቢደርስላት ልትተርፍ ትችል እንደነበር ይላል።

«በል እንግዲህ» አለ አዛዡ።

ምስጥ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። «ሟቿ ስትወድቅ የፓውደሩ ሳህን እጇ ላይ ነበር። ስብርባሪው ከበታቿ የተገኘው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፓውደሩ የፈሰሰው እሷ በወደቀችበት ቅጽበት ነው፤ ጠረጴዛውንም የመርፌ ትራሷንም ያለበሰው ያኔ ነው። እስከዚህ ድረስ የሚከራከረኝ አለ?»

አዛዡ እንዲቀጥል በእጁ ምልክት ሰጠው።

«አሁን ክሮቹን እዩ።» አንዱን በጣቱ ጫፍ አነሳው። «ከላያቸው ቅንጣት ዱቄት የለም። ዱቄቱ ከስራቸው ነው። መርፌዎቹ የተሰኩት ሴትዮዋ ከወደቀች በኋላ ነው ማለት ነው።»

አዛዡ አንገቱን አስግጎ አየ።

«ዳንሰኛዋ ይህን አላደረገችም» ቀጠለ ምስጥ። «ደንግጦ የሚሮጥ ሰው አስራ ሁለት ክር ሰም ቀብቶ፣ ለክቶ፣ ቋጥሮ አይሄድም። ነጋዴውም ስንት መርፌ እንደሚዘጋጅ አያውቅም። ይህን በየማለዳው የሚሠራ እጅ አንድ ብቻ ነው። የእጁ ባለቤትም ስወጣ መርፌው ተዘጋጅቶ ነበር፣ እህቴም ደህና ነበረች ብላኛለች። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም።»

ታናሽየዋ ወለሉን ታያለች።

«ምክንያቱን ፈልጌ ገበሩ ውስጥ አገኘሁት። ዐይናቸው የማያይ ሴት እንዲህ አድርገው ስፌት አይፈቱም፤ ደግሞም አይነካም ብለው ምለው ነበር። እርስዎ ነዎት የፈቱት። ከውስጥ የወጣው ሰማያዊ አበባና የመርፌ ትራሷ አበባ አንድ ጨርቅ ነው። ልብሱ የተሰፋው እዚህ ቤት ነው። ታላቅዎ በዳበሳ ለዩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና የልብሱን ነገር ምድር ቤት ያለው ሰው እንኳ ሲያውቅ፣ እርስዎ ብቻ አላወቁም።»

ከዚያ ታናሽየዋ ለጠረጴዛው የምታወራ መስላ ተናገረች።

«ሰማያዊው አበባ የእናታችን ቀሚስ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዞሮ የሚጫወት የዳንስ ቡድን ተቀብሎኝ ነበር፤ ልብሱን በእጄ ሰፋሁት። ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ጠፋ። ሌባ ገባ አለችኝ። አብራኝ አለቀሰች። ዶቃውና ዘርፉ ስለተቀያየረ ከላዩ አይቼ አላወቅኩትም፤ ዛሬ ገበሩን ስፈታ ግን ቀሚሱ ወጣ። ‹ይሄ ምንድን ነው?› አልኳት። ‹ብቻዬን ትተሽኝ እንዳትሄጂ ሸጥኩት› አለች። ደሞ ሳታፍር፣ ‹ይኸው፣ አልሄድሽም› አለችኝ።» እጇን አየችው። «ያኔ ገፋኋት።»

«ከዚያስ?» አለ አዛዡ።

«ዝም አለች። ስታኮርፍ ዝም ማለት ልማዷ ነው። ዞሬ አላየኋትም። ጀርባዬን ሰጥቻት መርፌዋን አዘጋጀሁ፤ ተጣልተንም ሳላዘጋጅላት ወጥቼ አላውቅም። ከዚያ ክር ልገዛ ሄድኩ። እንደሞተች ያወቅኩት ስመለስ ነው።» ቀና ብላ ዳንሰኛዋን አየቻት። «ልጄ፣ አንቺን ሲይዙሽ ግን አፌን ዘጋሁ። ለዚህ ምክንያት የለኝም።»

የዳንሰኛዋ ዐይን ልብሱ ላይ ነበር። «ልብሱስ?» አለች በመጨረሻ።

«ኤግዚቢት ነው» አለ አዛዡ። «ፍርዱ እስኪያልቅ አይወጣም።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

አዛዡ ትከሻውን ነቀነቀ። እሷም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ነጻ ሰው ናት፤ የምትሄድበት መድረክ ግን የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ምስጥ ብዙ ጊዜ ሲጠራ አይቷል፤ ብርሃኑ ያሞቀው ሰው ግን እስካሁን አልገጠመውም።

ፖሊሱ ክንዷን ሲይዛት ታናሽየዋ ወደ ምስጥ ዞረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ወዲያው ነው የሞተችው፤ አይደል?»

ምስጥ ኪሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት ነካ። መዋሸት አማረው። ነገር ግን ወረቀቱ ነገ ፍርድ ቤት በሰው ፊት ይነበባል።

«እሱን ሐኪሙ ይናገራል» አለ።

ፊቱን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ አስራ ሁለቱ መርፌዎች ዞረች።

«ክሩን ሳስገባላት እየተራገምኩ ነበር» አለች። «ታዲያ ሰምታኛለች ማለት ነው።»