ጭምቷን ማን ገደላት?

ዋና ሳጅን ዓለሚቱ ጋቢውን ከራስጌው ትታ ከግርጌው በኩል ገለጠችው።

«ፊቱ በዚያ ነው እኮ» አለ ኮንስታብል ካሣሁን።

«ፊቱን ሁሉም አይቶታል።»

ሟቹ ነጭ ካልሲ አድርጓል። ጫማ የለውም። መስከረም ሊያልቅ ነው፣ ዝናቡ ግን ገና አልወጣም፤ ሌሊቱንም ሲጥል አድሯል። ዓለሚቱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አቋርጣ ስትወርድ ባዶ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጭቃ ተለስኗል። ጎንበስ ብላ የካልሲውን መርገጫ አየች። ከዚያ ጋቢውን መለሰችና እግሩን ጠቅልላ ሸፈነችው።

ቦታው እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ በባጃጅ አንድ ሰዓት የሚያስሄደው የዝግባ ኪዳነ ምሕረት ደን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከላይ፣ በድንጋይ ቅጥር ውስጥ ነው። ከቅጥሩ ጀርባ ሦስት ሰው ቁመት የሚሆን ቋጥኝ አለ፤ ከቋጥኙ ሥር የውጪው ደን ይጀምራል። ሬሳው የተገኘው እዚያ ሥር፣ ጭጎጎት በበቀለበት ጥሻ ውስጥ፣ ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ ሆኖ ነው። በውጪው ደን ሰው እንደፈለገ በጫማው ይሄዳል። ከቅጥሩ ውስጥ ግን ጫማ አይገባም።

ሟቹ ናትናኤል ይባላል። ከጓደኛው ከህይወት ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ደን ውስጥ አንዲት ሚዳቋ ሲያጠና የኖረ ተመራማሪ ነው። ሚዳቋዋ ከፍየል ግልገል አትበልጥም፤ ቀለሟ የዝግባ ቅርፊት ነው። ሰው ስታይ ስለማትጮህና ስለማትበረግግ የአገሩ ሰው ጭምት ይላታል። ለአገሩ ሰው አዲስ አይደለችም። ለሊቃውንቱ ግን አዲስ ሆነች፤ ባለፈው ወር ከሌሎቹ ሚዳቋዎች የተለየች፣ ራሷን የቻለች ዘር ናት ብለው ጻፉላት። ሰኞ ይህንኑ የሚያበስሩ እንግዶች መካነ ኢየሱስ ይገባሉ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ካሣሁን፤ በላይኛው በር ዞሮ ስለገባ ከእሷ ዘግይቶ ነበር የደረሰው። «ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ ቋጥኙ ጫፍ ላይ ወጣ፣ አዳልጦት ወደቀ። እማሆይ ጫማውን ባያዩ ኖሮ እስከ ማታም አይገኝ።»

እማሆይ ወለተ ማርያም የታችኛውን በር ይጠርጋሉ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ትልቅ የተራራ ጫማ ተቀምጦ አይተው፣ ባለቤቱን ሲጠብቁ ሲጠብቁ ቢያጡት ተጣሩ። ዓለሚቱም ስትገባ የራሷን ጫማ ያወለቀችው እዚያው ድንጋይ አጠገብ ነበር።

ሬሳውን ፈልጎ ያገኘው የደኑ መንገድ መሪ ቢሆነኝ ነው፤ ጋቢውም የእሱ ነው። ቄሰ ገበዙ አባ ገብረ ማርያም ከላይ ከቋጥኙ ላይ ሆነው ያዩ ነበር። የቀረው ሰው ራቅ ብሎ ተሰብስቧል።

«እህሳ፣ ሳጅን?» አለ አንዱ። «የእመቤታችን ቁጣ ነው?»

«ይህ ልጅ ከላይ አልወደቀም» አለች ዓለሚቱ ጮክ ብላ። «የሰው እጅ አለበት።»

ወዲያው ቆጫት። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ቢሆነኝ ዞረ። ቢሆነኝ ድሮ አዳኝ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ናትናኤል ደጁ ላይ ቆሞ «ጭምቷን ማን ገደላት?» እያለ ሲጮህ መንደሩ ሰምቷል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሚሊሻዎቹ ቤቱን ፈተሹ። ከመደብ ሥር የሽቦ ወጥመድ ወጣ፤ ሽቦው ላይ የዝግባ ቅርፊት የመሰለ ጠጉር ተጣብቋል። ከመካነ ኢየሱስ ደግሞ በስልክ ትእዛዝ መጣ፤ ቢሆነኝ ነገ በሦስት ሰዓት መኪና ወደ ደብረ ታቦር ይላክ።

«የእኔ አፍ ነው ያሰረው» አለች ዓለሚቱ።

«ሽቦው ነው ያሰረው» አለ ካሣሁን።

ቢሆነኝን የቀበሌው ዘር ማከማቻ ውስጥ ነበር ያስቀመጡት።

«አያ ቢሆነኝ፣ ሽቦው ከየት መጣ?»

«ከደኑ። ከቋጥኙ ሥር ታስሮ አገኘሁት፤ ፈትቼ አመጣሁት። ማክሰኞ ለናቲ አሳየሁት። እሱም ጮኸ። እኔ ላይ የጮኸ መሰላቸው እንጂ የጮኸው በንዴት ነው።»

«ለምን ለፖሊስ አላመጣህም?»

«አዳኝ የነበረ ሰው ወጥመድ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል? አንቺ ብትሆኚ ታምኚኝ ነበር?»

ዓለሚቱ አንዱ የዘር ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«ድሮ ስገድል የያዘኝ የለም» አለ ቢሆነኝ፣ እንደ መሳቅ ብሎ። «ብተው ተያዝሁ። ይልቅ ገብሴ ደርሷል። የምጠብቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሁለት ቀን ከቆየሁ ዝንጀሮው እህል አያስቀርልኝም። ሚስቴ በወገቧ ታማ ተኝታለች።»

«ሁለት ቀን አትቆይም።»

«ማልሽ?»

«አልማልሁም። አትቆይም ነው ያልሁህ።»

አባ ገብረ ማርያም ከቤተ ልሔሙ ደጃፍ ዳዊታቸውን ከነማኅደሩ አንግተው ተቀምጠዋል። ማኅደሩን በክንዳቸው ጫን አድርገው ይዘውታል።

«ይፍቱኝ፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

«ከልጁ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«በመጣ ሰሞን በጫማው ገባና በመቋሚያ አቀመስሁት። ከዚያ ወዲህ እኔ አልተናገርሁትም፣ እሱም አላጠፋም።»

«ሰሞኑን የነገረዎ ነገር አለ?»

«የነገረኝ የለም።»

«የሰጠዎትስ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩአት። «የሰው አደራ ለፖሊስ አይሰጥም። ሂጂ ልጄ።»

ካሣሁን በመንገድ ላይ «እኝህ ሰውዬ የሆነ ነገር ደብቀዋል» አለ።

«ደብቀዋል። ግን ደብቄያለሁ እያሉ ነው የደበቁት። ነፍሰ ገዳይ እንደዚያ አያደርግም።»

ህይወት ከስምንት ሰዓት በኋላ ደረሰች። ያን ጊዜ ሬሳው ተገንዞ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። ዓለሚቱ ወደ ተከራየችበት ቤት ስትሄድ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳ አገኘቻት። ከደጁ ገመድ ላይ የታጠበ ነጠላ ተሰጥቷል።

«ከረቡዕ ጀምሮ መካነ ኢየሱስ ነበርሁ» አለች ህይወት። «እዚህ ኢንተርኔት የለም፤ የሰኞውን ሪፖርት የምልከው ነበር። አሁን በባጃጅ መግባቴ ነው።»

«ወደ ቋጥኙ ሥር ከሄድሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ኧረ ክረምቱን ሙሉ አልሄድሁም። ጭቃ ነው።»

«ጭምቷን ማን ገደላት ሲል የነበረው የቷን ነው?»

«እኔ እንጃ። እኛ ለምርመራ የላክነው ቆዳና የራስ ቅል ነብር ከገደላት ጭምት ነው፤ ራሴ ነኝ ሞታ ያገኘኋት።» ዕንባዋን ጠረገች። «አያ ቢሆነኝ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላስብም። ወድቆ ይሆናል እኮ! ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ በካልሲ እርጥብ ድንጋይ ላይ አይወጣም።»

ዓለሚቱ ከዩኒፎርሟ እጅጌ ላይ ጭጎጎት ለቀመች። «ይቺ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አልለቅ አለችኝ» አለችና ተነሣች። ስትወጣ ገመዱ አጠገብ ቆመች። «ነጠላሽን ዛሬ ነው ያጠብሽው?»

«አሁን። የባጃጁ ጭቃ ረጭቶኝ።»

«ጥለቱ ያምራል» አለች ዓለሚቱ፣ ጫፉን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ።

አርብ ጠዋት፣ መኪናው ሳይመጣ፣ ሁሉንም ከቅጥሩ ውጪ ካለው ሜዳ ጠራቻቸው። አባ ገብረ ማርያም፣ እማሆይ ወለተ ማርያም፣ ህይወት መጡ። ቢሆነኝን ካሣሁን እጁን እንደታሰረ አመጣው። ዓለሚቱ በግራ እጇ አንድ ፌስታል ይዛለች።

«ቋጥኙን ከላይ ሆነን እንየው» አለች። «ግቡ።»

ካሣሁንና ቢሆነኝ ቅጥሩን ተከትለው ወደ ላይኛው በር ሄዱ፤ አባም አብረዋቸው ሄዱ። ህይወት ነጠላዋን አጣፋች፣ በታችኛው በር ጫማዋን አውልቃ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አስቀመጠች፤ ጎን ለጎን፣ አፍንጫውን ወደ ውጪ አዙራ። እማሆይ በባዶ እግራቸው ቀድመው ገብተዋል።

ግቢው ውስጥ ሲገናኙ ዓለሚቱ ጠየቀች፤ «ካሣሁን፣ ጫማህ የት ነው?»

«በር ላይ ነዋ።»

«በየትኛው በር?»

«በወንዶች በር! በየት ላውልቅ?»

«እህ።» ከፌስታሉ የናትናኤልን ጫማ አወጣች። «ይህስ በየትኛው ተገኘ?»

ካሣሁን ወደ ታችኛው በር ዞሮ አየ። አባ ገብረ ማርያም ቀስ ብለው አማተቡ።

«በሴቶች በር» አሉ እማሆይ። «እኔም ምን ያለው ባለጌ ነው ብዬ ነበር።»

«ልጁ ሦስት ዓመት እዚህ ገብቶ ወጥቷል፤ በሩን አይስትም» አለች ዓለሚቱ። «ጫማውን ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ካልሲውን አይቻለሁ። መርገጫው ነጭ ነበር። በዚህ ጭቃ ከበሩ እስከ ቋጥኙ በካልሲ የሄደ ሰው ካልሲው ነጭ አይሆንም። የጫማው ክር ላይ ደግሞ ይኸው ጭጎጎት፤ ጭጎጎት ከቋጥኙ ሥር እንጂ እዚህ ግቢ ውስጥ አይበቅልም። ልጁ በውጪው ደን፣ በጫማው መጣ። እዚያው ከቋጥኙ ሥር ተገፋ፣ ጭንቅላቱ ድንጋዩን መታ። ከዚያ ጫማው ወለቀለት። ለምን? በተራራ ጫማ አዳለጠው ቢባል ማን ያምናል? በካልሲ አዳለጠው ቢባል ግን ያው አምነን ነበር።»

«እሺ ማን አወለቀው?» አለ ቢሆነኝ፣ የታሰረ እጁን እንደያዘ።

«አንተ ብትሆን በወንዶች በር ታስቀምጠው ነበር። አባም እንደዚያው። የአገሩን ወግ የማያውቅ ሰው ቢሆን ጫማ ማውለቁም ትዝ አይለው። ይህ የሴት እጅ ነው። ቸኩላ፣ ተጨንቃ፣ ሳታስበው እጇ የራሷን ጫማ ከሚያስቀምጥበት ቦታ አስቀመጠው። ጎን ለጎን፣ አፍንጫው ወደ ውጪ።»

ካሣሁን ወደ እማሆይ አየ።

«ምን ታየኛለህ?» አሉ እማሆይ። «በሰማንያ ዓመቴ ጎረምሳ ልገድል? የሰው ጫማ ማንሣት ቀርቶ መጥረጊያውም ከብዶኛል!»

ህይወት ወደ ፊት ወጣች። «ሴት ስለሆንሁ ብቻ?»

«ብቻ አይደለም። ትናንት መንደሩ ሁሉ ባዶ እግሩን ወደቀ ነው ሲል የዋለው። እግሩን ያየነው እኔ፣ ካሣሁንና ቢሆነኝ፣ ኋላም የገነዙት ብቻ ነን። አንቺ የደረስሽው ከተገነዘ በኋላ ነው። በካልሲ ነበር ብሎ ማን ነገረሽ?»

ህይወት ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች።

«ክረምቱን ሙሉ ቋጥኙ ሥር አልሄድሁም ብለሻል። ጭቃ ይታጠባል፤ ጭጎጎት አይታጠብም። ይኸው አሁንም ጥለትሽ ላይ ነው። ያደርሽበት ሆቴልም ጠይቀናል፤ ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ቁልፍ አስረክበሽ ወጥተሻል።» ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረች። «አባ፣ አደራዎን።»

«አደራ አልሁሽ እኮ።»

«የአደራው ባለቤት ከውስጥ ፍትሐት እየጠበቀ ነው። ቢሆነኝ ደግሞ መኪና እየጠበቀ ነው። ይዘው ቢቀሩ አደራውን በሉት ማለት ነው።»

ሽማግሌው ማኅደሩን ከፍተው ከዳዊቱ ልባስ ሥር ከጥፍር የማትበልጥ የካሜራ ካርድ አወጡ። «ረቡዕ ሰጠኝ። ‹እስከ ሰኞ ያቆዩልኝ› አለ። ምን እንደሆነች አላውቅም።»

ካሣሁን ካርዷን ከናትናኤል ዕቃ ባመጣው ካሜራ ውስጥ ከተተ። ደን ውስጥ ተሰቅሎ እንስሳ ሲያልፍ ራሱ የሚያነሣ ካሜራ ያነሣው ሥዕል ነበር። ህይወት ተንበርክካለች፤ በእጇ ሽቦ አለ። ጭምቷ አንገቷ ታንቆ ተጋድማለች። ከኋላዋ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ ግልገሏ ቆማለች። አትጮህም፣ አትሸሽም።

ቢሆነኝ አየና ፊቱን አዞረ።

«ሁለት ዓመት ጠበቅሁ» አለች ህይወት፣ ድምፅዋ ሊሰማ ሊጠፋ። «ሞታ የምትገኝ አጣሁ። ቆዳዋና ራስ ቅሏ ካልቀረበ ስም አይሰጧትም። ማንም አያምነንም። አንድ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ግልገል እንዳላት አላወቅሁም።»

«ናትናኤልስ?»

«ደወለልኝ። ሽቦው በተገኘበት ከተሰቀለው ካሜራ ሥዕሉን አይቻለሁ፣ ነይና ቦታው ላይ እንነጋገር አለኝ። ለመንሁት። ‹ሰኞ እንግዶቹ ፊት አንቺ ካልተናገርሽ እኔ እናገራለሁ› አለ። ሽቦው የታሰረበትን ሊያሳየኝ ጎንበስ ሲል… ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው።»

«ከመግፋቱ በኋላ ጫማ ማውለቅ አለ» አለች ዓለሚቱ። «እሱ ጊዜ ይወስዳል። ክሩ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚታሰር ነው።»

ከውጪ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ካሣሁን የቢሆነኝን እጅ ፈታ።

«አያ ቢሆነኝ…» አለች ዓለሚቱ፤ ይቅርታ ልትለው ፈልጋ ነበር።

«በኋላ» አለ ቢሆነኝ። «ገብሴን ልየው።» በላይኛው በር በኩል ሮጠ ማለት ይቻላል።

ህይወትን በታችኛው በር አወጧት። ጫማዋን ስታጠልቅ እማሆይ ጎንበስ ብለው ክሩን አሰሩላት።

የፍትሐቱ ዜማ ከውስጥ ጀመረ። ካሣሁን የናትናኤልን ጫማ ወደ ፌስታሉ ሊመልስ ሲል ዓለሚቱ ከእጁ ወሰደችው።

«ማስረጃ ነው እኮ፣ ሳጅን።»

«ፍትሐቱ እስኪያልቅ ማስረጃነቱ ይቆየን።»

በጭቃው ግቢውን ዞራ እስከ ወንዶች በር ሄደች። በሩን ሳታልፍ እጇን ብቻ ዘርግታ፣ ከካሣሁን ጫማ አጠገብ አስቀመጠችው።