መርፌ ይሻለኛል

ሲስተር አቻምየለሽ የሞተችው እሷ ራሷ ስንቱን በሽተኛ ባስተኛችበት አልጋ ላይ ነው። ቡሬ ውስጥ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ክሊኒኳ፣ ከጀርባ ባለችው ማረፊያ ክፍል፣ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች በጎኗ ተጠቅልላ ተገኘች። ቀኑ ማክሰኞ፣ ወሩ ጥቅምት ነው። ትራሷ በላብ ርሷል። ከራስጌዋ ባለው ጠረጴዛ ላይ የተጋመሰ እንቁላል ፍርፍር፣ ቁራሽ ዳቦና ተጠጥቶ ያለቀ የሻይ ብርጭቆ አለ።

«ልብ ነው» አለ የሰፈሩ ሰው። የሰፈር ሰው መቼም ሬሳ ለመመርመር ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም።

ልብ ነው ያላለች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ከፍኖተ ሰላም የተጠራችው ኢንስፔክተር እናኑ። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ከኪሷ የሽምብራ ቆሎ የማይጠፋ፣ ስትናገር ዝግ የምትል ሴት ናት። ዝግታዋን አይተው የናቋት ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ ማረሚያ ቤት ናቸው።

እናኑ አስከሬኑን ገልበጥ አድርጋ አየች። በቀኝ ዳሌ ላይ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ፣ በፕላስተር የተጣበቀች ጥጥ አለች። ጥጧን ስታነሣ ከሥሯ የመርፌ ቀዳዳ አገኘች። ቀጥላ የሻዩን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ አነሣችው፤ ግርጌው ላይ ያልሟሟ ስኳር ተጋግሯል። ከዚያ የመድኃኒት ማቀዝቀዣውን ከፈተች። የኢንሱሊኑ ጠርሙስ ውስጥ የቀረው ጠብታ ያህል ነው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟችን ባል፣ እህል ነጋዴውን አቶ ክንዱን ነው። ፖሊስ ወደ ክፍሉ ስላላስገባው በረንዳ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ባለቤትዎ ስኳር ነበረባት?»

«ከብዙ ዘመን ጀምሮ። መርፌዋን ራሷ ነው የምትወጋ፣ ሆዷ ላይ።»

«ዳሌዋ ላይስ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ጠርሙሱ መቼ ተገዛ?»

«እሑድ እኔው ነኝ ከፍኖተ ሰላም ያመጣሁላት። ገና ምኑ ተነካና።»

«ትናንት ማታ ስትጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል።»

ክንዱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ተጨቃጨቅን፤ ምን እደብቃለሁ! የጽጌን ጾም ያዘች። ስኳር ይዞሽ እህል ውኃ ሳትቀምሺ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዴት ትውያለሽ፣ ጽጌ እንደሆን የፈቃድ ጾም ነው፣ ማንም አያስገድድሽ ብላት አሻፈረኝ አለች። መርፌዋን ሳይቀር ወደ ማታ አዛወረችው። የንስሐ አባቷ ቄስ ኪዳነ ማርያም ናቸው ቀኖናውን የሰጧት። ጾምና ስግደት።»

«ለየትኛው ኃጢአት?»

«እሱን እንኳ እኔን አይጠይቁኝ።»

«ዛሬ ጠዋት እዚህ መጥተው ነበር?»

«የመጋዘን ቁልፍ ልወስድ። ደኅና ነበረች። ወገቤን አለች እንጂ ደኅና ነበረች።» እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

ሁለተኛው ይታገሱ ነበር። በነርስነት ተመርቆ ሥራ ያጣ፣ የመድኃኔ ዓለም ዲያቆን የሆነ ልጅ ነው። መቼም የእነዚህ ልጆች ነገር ያናድዳል! ባሕር ማዶ ያሉት የነርስ መዝጋቢዎች «ሁለት ዓመት ሠርታችሁ ኑ» ይሏቸዋል፤ አገር ቤት ያለው ቀጣሪ ደግሞ «ልምድ ይዛችሁ ኑ» ይላቸዋል። ልምዱ ከየት ይመጣል ቢባል መልስ የሚሰጥ የለም። ይታገሱ ያለ ደመወዝ የሲስተርን ክሊኒክ እየጠረገ፣ ቁስል እያጠበ፣ መርፌ እየወጋ ልምዱን በጉልበቱ ሲለቅም ዓመት አልፎታል።

«ሲስተር የልምድ ማስረጃ ከለከሉህ አሉ።»

«ሁለት ዓመት ሳይሞላህ አልጽፍም አሉኝ። ትናንት ደግሞ እኔንና ውዳሴን ጠርተው ‹ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሐሰት ቃል አይወጣም፤ ያልሠራን ሠርቷል አልልም› አሉን።»

«ተናደድህ?»

«ተናደድሁ እንጂ! ግን እኔ የምሠራ ነኝ። ዛሬ ባይሆን ከርሞ ይጻፍልኛል።»

«ውዳሴስ?»

ልጁ አቀረቀረ። «የእህታቸው ልጅ ናት፣ የፍኖተ ሰላም ልጅ። በትምህርት ማንም አይደርስባትም። እዚህ የምትመጣው ግን እንግድነት ያህል ነው። ቢሆንም ሁለት ዓመት ሠርታለች ብለው ሲስተር ጽፈውላታል፤ የባሕር ማዶ አጣሪዎች ደውለው ሲስተርን እስኪጠይቁ ነበር የምትጠብቅ።»

«ዛሬ ጠዋት ሲስተር እንዴት ነበሩ?»

«ወገባቸውን ይዘው ገቡ። ክኒን ላምጣልዎ ብላቸው ‹መርፌ ይሻለኛል፤ አንተ ሂድ፣ የመጣው ይወጋኛል› አሉኝ። እኔም በየቤቱ ቁስል ላጥብ ወጣሁ።»

«ክኒን ሞልቶ ለምን መርፌ?»

ይታገሱ ጥያቄው ገረመው። «እንዴ! ጾም አይደለም እንዴ? ክኒን ያለ ውኃ አይዋጥ። በጾም ወራት ገበሬው ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ ክኒን ሲሰጡት ኪሱ ይከትና ‹በመርፌ አድርጉልኝ› ይላል።»

እናኑ አንዲት ሽምብራ ቆረጠመችና አሰናበተችው።

ውዳሴ በረንዳው ጫፍ ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል፤ ጸጉሯ ግን አንድም ዘለላ አልተዛነፈም።

«ረፋድ ላይ ነው የመጣሁት» አለች። «የክፍሏ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ቁርሷን በልታ ተኝታለች፤ ሳህኑን አይቻለሁ። ልቀስቅሳት አልፈለግሁም። እዚሁ ቁጭ ብዬ ሳጠና ነበር።»

«ምን?»

«የባሕር ማዶውን ፈተና። ማጣራቱ እንዳለቀ እቀመጣለሁ።» ድምፅዋ ጠነከረ። «እናቴ ንግሥቴ ሰባት ዓመት አረብ አገር ግርድና ገብታ፣ እጇን በፈላ ዘይት ተቃጥላ ነው የተመለሰች። እኔ ግን በዚያው አገር በነጭ ጋወን ነው የምገባ። ‹ሲስተር› ብለው ነው የሚጠሩኝ።»

«እኔም አንድ ጥያቄ ልጨምርልሽ። ወገቡን የታመመ ሰው፣ ክኒን እያለ፣ መርፌ ውጊኝ ቢልሽ ምክንያቱ ምንድን ነው?»

ውዳሴ እንባዋን ጠረገችና ቀና አለች። «ወይ ያስመልሰዋል፣ ወይ መዋጥ ይቸግረዋል፣ ወይ ሕመሙ ጠንቶበታል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ጎበዝ ነሽ» አለቻት እናኑ፤ ከልቧ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እናኑ ሦስቱንም በሽተኞች በሚጠብቁበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ክንዱ አንዱ አግዳሚ ላይ፣ ይታገሱና ውዳሴ ከፊት ለፊቱ ተቀመጡ። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆመ።

«ሲስተር አቻምየለሽን ልብ አልገደላትም» አለች እናኑ። «እሑድ የተገዛ ኢንሱሊን ዛሬ አልቋል። ለብዙ ቀን የሚበቃ መድኃኒት በአንድ መርፌ በባዶ ሆዷ ስለገባ ስኳሯ ወርዶ ወርዶ ነው የሞተች። እሷ ሆዷ ላይ ነው የምትወጋ፤ ይኸኛው ግን ዳሌዋ ላይ ነው፣ ጥጥም ተለጥፎበታል። ሰው ወግቷታል፤ እሷም ፈቅዳ ነው የተወጋች፤ የወገብ ማስታገሻ መስሏት።»

ክንዱ አንገቱን ወደ ማረፊያ ክፍሉ መለሰ። «ታዲያ ማን?»

«እንቁላሉ ይናገራል። ራስጌዋ የተበላ እንቁላል ፍርፍር አለ።»

«እንቁላል?» ክንዱ ከመቀመጫው ተነሣ። «አቻም እንቁላል? በጽጌ?»

ይታገሱም አማተበ። ውዳሴ ግን ግራ ገብቷት አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አየች።

«አያችሁ!» አለች እናኑ። «እንቁላሉን ያስቀመጠው ገዳዩ ነው። ቁርሱን የበላ ሰው ሲሞት ስኳሩ ወርዶ ነው የሚል የለም፤ ልብ ነው ይባላል። ሰፈሩም ያለው ይኸንኑ ነው። ዛሬ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ገዳዩም ይጠነቀቅ ነበር። ማክሰኞ ነው፤ ጽጌ ደግሞ የወደደ የሚይዘው፣ ያልወደደ የሚተወው ጾም ነው። አቶ ክንዱ መጾሟን ያውቃሉ፤ ሲጨቃጨቁበት አምሽተዋል። ይታገሱም ያውቃል። ሁለቱም ቢሆኑ ለጾመኛ እንቁላል አያቀርቡም። ያላወቀው አንድ ሰው ነው።»

«ረስታ በልታ ይሆናላ!» አለች ውዳሴ። «ሻዩንም ጠጥታለች!»

«ሻዩ በስኳር ነው፣ ልጄ። ስኳር ያለበት ሰው ግርጌው እስኪጋገር ስኳር ጨምሮ አይጠጣም። እንቁላሉን የበላሽውም ሻዩን የጠጣሽውም አንቺ ነሽ።»

ውዳሴ ወደ በሩ ዞረች፤ ፖሊሱ እዚያው ነው።

«አክስትሽ ‹መርፌ ይሻለኛል› ስትልሽ ለምን ብለሽ ራስሽን አልጠየቅሽም። እኔ ስጠይቅሽም ሦስት ምክንያት ሰጠሽኝ፤ ሦስቱም ልክ ናቸው። አራተኛው መጽሐፉ ላይ የለም። እዚህ አግዳሚ ላይ አንድ የጾም ወራት ብቻ በሽተኛ ተቀብለሽ ቢሆን ታውቂው ነበር። ይታገሱ ሳያስብ ነው የመለሰልኝ። አንቺ ልምድ የለሽም፣ ውዳሴ። የያዘሽም እሱ ነው።»

ልጅቱ ከአግዳሚው ዘልላ ተነሣች። «ልታጋልጠኝ ነበራ!» ብላ ጮኸች። «ሲደውሉላት ‹አልሠራችም› ልትል ነበር! ትናንት በጆሮዬ ሰምቻታለሁ! አንዴ ሐሰተኛ ከተባልሁ ዕድሜ ልኬን አይመዘግቡኝም። እሷ ከሌለች ስልኩን የሚያነሣው ጋሽ ክንዱ ነው። ጋሽ ክንዱ አይጨክንብኝም።»

«ስትደክም ምን አለችሽ?»

ውዳሴ መልሳ ተቀመጠች። «ስኳር አለችኝ» አለች። «‹ውዳሴዬ፣ ስኳር አምጪልኝ› አለችኝ። በሩን ዘጋሁት። እስክት… እስኪያልፍ ድረስ በረንዳው ላይ ሆኜ አጠናሁ። ጸጥ ስትል ነው ቁርሱን ያስገባሁ።»

ይታገሱ ጆሮውን ያዘ። ክንዱ ግን አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ወደ ልጅቱ ቀርቦ ፊቷን ልክ እንደማያውቀው ሰው ፊት እያገላበጠ አየው።

«ደውለው ነበር» አለ።

«ማን?»

«አጣሪዎቹ ናቸዋ። ባለፈው ሳምንት። አጠገቧ ነበርሁ። ‹ሁለት ዓመት አብራኝ ሠርታለች› አለቻቸው። ‹እጇ ለስላሳ ነው፣ መርፌ ስትወጋ አታሳምም› አለቻቸው። ስልኩን ዘግታ እያለቀሰች አደረች። በማግሥቱ ቄስ ኪዳነ ማርያም ዘንድ ሄደች። ጾሙም ስግደቱም፣ ያ የወገብ ሕመምም፣ ለአንቺ ስለዋሸችው ነው። ‹ከእንግዲህ› ያለችው ከአንቺ በኋላ ላለው ነው። ለምን አትነግሪያትም ስላት ‹አፍሬያለሁ፤ መልሱ ሲመጣ ደስ ብሏት ትስማው› አለችኝ።»

ፖሊሱ ከበሩ ተነሥቶ የውዳሴን እጅ ያዘ። ልጅቱ ክንዷን ሰጠችው። ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗ ግን የአክስቷ ባል ላይ ተተክሎ ቀረ።

«እንግዲያ» አለች ቀስ ብላ፣ «ማጣራቱን አልፌያለሁ ማለት ነው?»