ቤት ያለበሰችው ትበርህ

ቦሌ ሚካኤል አካባቢ፣ ቤት በመንግሥት ከተወረሰ ወዲህ፣ የሚኖርበት ቤት እላዩ ላይ ሲያረጅ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ሰው በዝቶ ነበር። «የቀበሌ ነው፤ ቀበሌ ይጠግነው» ይባላል። የእትዬ ምንትዋብ ልጅ መኩሪያም እንዲሁ ነበር የሚለው። የቤቱ ምርጊት ረግፎ ማገሩ ወጥቷል፤ ኮርኒስ የለውም፤ የክረምት ንፋስ በቆርቆሮው ሥር ገብቶ እንደ አባወራ ይንጎራደዳል።

እትዬ ምንትዋብ ከሁሉ የሚፈሩት ብርድን ነው። የልጅ ልጃቸው ሚርያም መዳኽ እንኳ አልጀመረችም፤ ካስነጠሳት እሳቸው እንቅልፍ የላቸውም። ስለዚህ የከሰል ምድጃ ከአልጋው አጠገብ አይለይም፤ የበሩም ሥር በጨርቅ ይወተፋል። ከሰሉ ያልቃል፣ ቤቱ አይሞቅም።

«እማማ፣ የከሰል ጭስ እኮ ይገድላል» ትላቸዋለች ምራታቸው ትበርህ።

«ብርድስ ያድናል? ንፋስ የመታው ልጅ አይተሽ ስለማታውቂ ነው!»

«እንግዲያው ግድግዳውን እንምረገው።»

መኩሪያ ሳቀ። «ለቀበሌ በነጻ ልትሠሪለት? የሰው ቤት እኮ ነው!»

«ቤቱ የቀበሌ ይሁን፤ ብርዱስ የማን ነው?» አለችው።

በነሐሴ አንድ ዝናባማ ምሽት ትበርህ ከማድቤት ስትመለስ፣ እትዬ ምንትዋብ ራሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሚርያም ጭናቸው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝላለች። ትበርህ ልጇን ነጥቃ በሩን በርግዳ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። አሮጊቷ እየተንገዳገዱ ተከተሏት።

«ብርድ… ልጄን ብርድ…» ብለው ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ልጅቷን የጣላት ብርድ ሳይሆን የከሰሉ ጭስ ነው፤ ምድጃውን አልጋው አጠገብ ያመጡት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ቅዱስ ሚካኤልን ሲማጸኑ ሚርያም ሳል አለች፤ ከዚያ ጮኻ አለቀሰች። እትዬ ምንትዋብ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ልቅሶ ሰምተው አያውቁም።

በማግስቱ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ ትበርህ አንድም ወቀሳ አልተናገረችም። «ልጅቷን ስናለብስ ቤቱን ራቁቱን ትተነው ነው» አለች እንጂ። ከሾላ ገበያ ጭድና አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ይዛ መጣች። ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃውን ከጭዱ ጋር ትረግጥ ጀመር። መኩሪያ ጥቂት ቆሞ አየና፣ አፍሮ ሱሪውን ጠቀለለ። ግድግዳውን በውስጥ በኩል መረጉ፤ ከረጢቱን ሰፍተው ኮርኒስ ወጠሩ። ጭቃው ሲደርቅ ትበርህ በላዩ ጋዜጣ ለጠፈች።

«ኧረ ልጄ፣ የባለሥልጣን ፎቶ ዘቅዝቀሽ ለጥፈሽ እንዳታስፈጂን!» አሉ እትዬ ምንትዋብ።

«አይስጉ እማማ፤ ሁሉንም በእግራቸው አቁሜያቸዋለሁ።»

ከጣራው ሥር ግን አንዲት ክፍተት ሆን ብላ ተወች። «ቤትም መተንፈስ አለበት» አለች።

የዚያን ምሽት ምድጃው ማድቤት ቀረ። እትዬ ምንትዋብ አላመኑም፤ ብርድ ልብሱን ገልጠው የሚርያምን እግር ዳበሱ። ሞቋል። ደግመው ዳበሱ። ከዚያ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል፣ «አንቺን የወለደች ማኅፀን ትባረክ» አሉ፤ ትበርህ ግን ሰማች።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ምንትዋብ ጎረቤቱን እየዞሩ፣ ምድጃ ታቅፈው የተቀመጡትን እናቶችና አያቶች ይቆጡ ጀመር። «ኑ፣ ምራቴ የሠራችውን እዩ!» ይላሉ። «የቀበሌ ቤት ነው» የሚል ሲገጥማቸውም እንዲህ ይመልሳሉ፦

«ቤቱ የማንም ይሁን፤ ውስጡ የሚተኛው ልጅ የእናንተ ነው።»