የቀይ በር ክምር

ይርገዱ ጠዋት የዕለት ድርሻዋን ውሃ ጠጣች፤ ሁለት ጉንጭ ነበር። ማርስ ላይ በተቆረቆረችው ምዕራፍ ከተማ ጠግቦ የጠጣ ስለሌለ አልከፋትም። ለነገሩ ባሏን አሰግድን ናዳ ከቀበረው ወዲህ የሚያስከፋትም የሚያስደስታትም ነገር የለም። የት ቦታ እንደተቀበረ እንኳ አልጠየቀችም።

ከዚያ ከዳሳሹ ጋር ቀይ በር ወደሚባለው ሸለቆ ወጣች። ዳሳሽ ድንጋይ እየዳበሰ ታሪኩን የሚናገር ባለ ስድስት እግር ማሽን ነው። ትናንት ከሸለቆው አፍ ላይ ሞሬን፣ ማለትም ግግር በረዶ እየገፋ አምጥቶ የተወው የድንጋይ ክምር፣ አገኘሁ ብሏል። ሞሬን ካለ ከጀርባው የተቀበረ በረዶ ሊኖር ይችላል። የከተማዋ መሐንዲስ ጓንጉል ነገ ክምሩን በፈንጂ ሊያፈርሰው ተነስቷል። ከታጠቡ አይቀር እስከ ክንድ ባይ ነው፤ በዚህ ከተማ እስከ ክንዱ የታጠበ ባይኖርም። የከተማዋ የድንጋይ መርማሪ ከሆነችው ከእሷ የቀረው "አዎ፣ ሞሬን ነው" ማለት ብቻ ነበር።

ዳሳሹ አልዋሸም። ክምሩ የማዕድን መኪኖቹን መንገድ ተከትሎ እንደ ማጭድ ተቆልምሟል። ድንጋዮቹም የቦታው አይደሉም፤ ጥቁሩ ከደቡብ፣ አረንጓዴው ከሰሜን ማዕድን ማውጫ የመጣ ነው። ጎናቸው በረዶ የጎተተው ድንጋይ እንደሚሆነው ተቧጭሯል።

ግን በረዶ አይመርጥም። ቤት የሚያክል ቋጥኝ ከዱቄት ጋር ደባልቆ ነው የሚጥለው። እዚህ ከእጅ የሚበልጥ አንድም ድንጋይ የለም። አንዱን አነሳች፤ ጓንቷ ውስጥ ልክ ገባ። ጭረቱም የመሰርሰሪያ ነበር።

የማዕድን መኪና ሾፌሩን ተካልኝን ድንጋዮቹን ማን እንዳመጣቸው በሬዲዮ ጠየቀችው።

"እትዬ ይርገዱ፣ አሰግድ የተቀበረው እዚያ ነው። ከሥራ ስንመለስ ሁላችንም አንዳንድ ድንጋይ እየያዝን እንወረውርለታለን። ለእርስዎ መንገር ግን ቁስል መነካካት መሰለን።"

ማልቀስ ያለባት መሰላት። አልመጣላትም።

"ያመጣው በረዶ ካልሆነ ውሃ ነው ወይስ ነፋስ?" አለ ዳሳሹ።

"ሰው ነው።"

"ሰው ይህን ሁሉ ከሩቅ የሚያመጣው ለምን ጥቅም ነው?"

ለጓንጉል ሞሬን እንዳልሆነና እዚያ ውሃ መፈለግ ከንቱ እንደሆነ ነገረችው፤ ነገም ለሁሉም ሁለት ጉንጭ ብቻ ነው። ያነሳችውን ድንጋይ የሰው ነውና በቦታው መለሰችው።

ከዚያ የምትወረውረውን የራሷን ድንጋይ ፍለጋ ወደ መንገዱ ወረደች። ስትመርጥ ብዙ ቆየች።