በዱቄት በረዶው ጉም ውስጥ የያዘኝ እጅ

እኔ እንኳን በጂን ላምን፣ ልጅ ሳለሁ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሠፈራችን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሸሸው አንድ ባዶ ቤት ነበረ፣ ለፈተና የማጠናው እዚያ ነበር፣ ፀጥ ስለሚል። ሥራዬም ከኤሌክትሪክ ጋር ነው፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ላቦራቶሪ ውስጥ ቴክኒሻን ነኝ፣ የበራው ነገር ለምን እንደበራ፣ የጠፋው ለምን እንደጠፋ ካላወቅኩ ምግብ አይዋጥልኝም። እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ስልኬን አውጥቼ እነካካ ነበር። አሁን አንተ ስልክህን ብታወጣ አልቀየምህም ወዳጄ፣ ግን እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ባለፈው ጥር ለአንድ የላቦራቶሪ ማሽን ሥልጠና ሁለት ሳምንት ጣሊያን ተላክሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ማሽኑ ሰበብ ነበር። ታናሽ ወንድሜ አንዋር እዚያ አገር ከገባ ሰባት ዓመት አልፎታል፣ የመኖሪያ ወረቀቱ እንኳ ከተስተካከለለት ቆይቷል፣ ግን አንድም ቀን ጅማን መጥቶ አላያትም። በየዓመቱ ‘ለሚቀጥለው ኢንሻአላህ’ ይላል። እናታችንን ስኳሩ ዓይኗን እየወሰደባት ነው፣ ስትሸኘኝ ትከሻዬን ይዛ ‘ተማም፣ መልኩን መለየት ሳያቅተኝ አምጣልኝ’ ነበር ያለችኝ። ስለዚህ እኔ የሄድኩት ወንድሜን ይዤ ልመለስ ነው።

አንዋር የሚሠራው ከፈረንሳይ ድንበር ብዙም በማይርቅ ተራራ ላይ፣ በአንዲት ትንሽ የስኪ፣ የበረዶ ሸርተቴ፣ መንደር ነው፣ ከአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ዕቃ ያጥባል፣ አንሶላ ይተኩሳል። ሀብታም የሚሄድባት ዓይነት መንደር አይደለችም፣ በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሰው የሚያወጣ ያረጀ የወንበር ማመላለሻ አላት፣ አልጋው ርካሽ ነው፣ የሚመጡት ልጆቻቸውን የያዙ መካኒኮችና አስተማሪዎች ናቸው። ቅዳሜ ደርሼ ሳያት፣ ወላሂ፣ ልቤ ፈነደቀ። ሦስት ቀን ሙሉ የጣለው በረዶ ገና አልተረገጠም፣ እኛ እንደምናውቀው ቆርቆሮ የሚደበድበው ዓይነት አይደለም፣ እፍ ስትለው የሚበን፣ የተነፋ የጤፍ ዱቄት ነው የሚመስለው። አንዋር ሰዎቹ ይህን ዱቄት በረዶ ዓመቱን ሙሉ እንደሚጠብቁት ነገረኝ። እሱ ግን ደስ ያለው አይመስልም ነበር፣ እያወራኝ ዓይኑ ወደ ተራራው ይሄዳል፣ ደንግጦ ይመለሳል።

በማግሥቱ እሁድ ዕረፍቱ ነበር፣ ላይ ድረስ እንውጣ አልኩት። አልፈለገም፣ እኔ ነኝ የጨቀጨቅኩት፣ ይህን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አልልም። ስኪ ስለማልችል እንደ ወንፊት ሰፋ ያለ፣ በረዶው እንዳይውጥህ ከጫማ ሥር የሚታሰር መረገጫ ተከራየን፣ በወንበሩ ወጣን፣ ላይ ባለች አንዲት የእንጨት ሻይ ቤት ትኩስ ነገር ቀመስን፣ ከዚያ በችካል ምልክት የተደረገበትን መንገድ ይዘን በእግር ሄድን። እያዘገምን የእናታችንን ነገር አነሳሁበት። አንዋር ‘መምጣት አልችልም’ አለኝ። አልፈልግም አላለም፣ አልችልም ነው ያለው። ምን ከለከለህ ብለው እርምጃውን አፈጠነ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ጉሙ ወረደ። ጉም ስልህ ክረምት ላይ ከሊሙ ጫካ የሚነሳውን እንዳታስብ፣ ያ ቢያንስ ዛፉን ይተውልሃል። ይኼ ምንም አልተወም። ላዩም ታቹም ነጭ ሆነ፣ ቆሜ ይሁን ተኝቼ መለየት አቃተኝ፣ ችካሎቹ ጠፉ። አንዋር እጄን ያዝ አለኝና ጓንት ያጠለቀ እጁን ዘረጋልኝ፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ወደ ሻይ ቤቷ መመለስ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን የአንድ እግሬ መረገጫ ማሰሪያው ተፈታ። ‘አንዴ ቁም’ ብዬ እጁን ለቅቄ ጎንበስ አልኩ፣ ለማሰር እንዲመቸኝ አንዱን ጓንቴን አወለቅኩ፣ ነፋሱ ነጥቆ ወሰደው። አስሬ ቀና ስል አንዋር የለም።

ጮህኩ። ድምፄ ከአፌ ወጥቶ እዚያው ከንፈሬ ላይ የሚወድቅ ነው የሚመስለው፣ ጥጥ ውስጥ እንደመጮህ ያለ። ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ ወገቤ ድረስ ሰመጥኩ፣ ተጎትቼ ወጣሁ፣ ወደ ግራ ሄድኩ፣ የራሴን ዱካ አጣሁት። ስልኬን ባወጣው ቅዝቃዜው ገድሎታል። ጓንት የሌለው እጄ መጀመሪያ አቃጠለኝ፣ ኋላ የእኔ መሆኑን ተወ። ያን ጊዜ ነው ወዳጄ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ምን እንደሚያስብ ያወቅኩት፣ ሞቱን አይደለም የሚያስበው፣ እናቴ አንዱን ልጅ አምጣ ብላ ልካኝ ሁለታችንንም ልታጣ ነው፣ ይህንን ነበር የማስበው። ሸሃዳዬን አልኩ፣ እንደገና አልኩ፣ ዱቄቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ለስላሳ ነበር፣ እመነኝ፣ እዚያው መተኛት አማረኝ።

እጅ ያዘኝ ያን ጊዜ ነው።

ባዶውን እጄን ነው የያዘኝ፣ አጥብቆ፣ ጎትቶም አስነሳኝ። አልሀምዱሊላህ አንዋር አልኩ፣ ማልቀስ ጀመርኩ፣ የት ጠፍተህ ነው አልኩት። ‘ኮቱ’ ነው ያለኝ፣ ና ማለቱ ነው፣ በኦሮምኛ። እኔና አንዋር ስናወራ አማርኛና ኦሮምኛ እንቀላቅላለን፣ ስለዚህ አልገረመኝም። ክንዱን ብቻ እንደ ጥላ አየዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ጉም ነው። እኔ ስራመድ መረገጫዬ ጭርፍ ጭርፍ ይላል፣ ከፊቴ ግን ምንም ድምፅ የለም። ነፋሱ ነው አልኩ። እጁ ጓንት የለውም፣ አውልቆ ለእኔ ሊሰጠኝ ይሆናል አልኩ። ሰው መዳን ሲፈልግ የማያስበው ምክንያት የለም። መንገዱ ረዘመብኝ፣ ደከመኝ ልቀመጥ አልኩት፣ እሱም በኦሮምኛ ቀስ ብሎ ‘እጄን እንዳትለቅ’ አለኝ። እያዘዘኝ አልነበረም። እየለመነኝ ነበር፣ ልመናው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ድንገት የእንጨት ግድግዳ ነካሁ። ሻይ ቤቷ ናት። በሩን በሌላው እጄ ገፋሁና ግባ ልለው ስዞር እጄ ባዶ ነው፣ ደጁ ላይ የእኔ ዱካ ብቻ ነበር።

አንዋር ውስጥ ነበር። ባለቤቷ ሴትዮና ቀይ ጃኬት የለበሱ ሁለት የነፍስ አድን ሠራተኞች ገመድ እያዘጋጁ ነው፣ እሱ መሐላቸው ቆሞ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ሁለቱም ጓንቶቹ እጁ ላይ ናቸው። ከደረሰ ግማሽ ሰዓት አልፎት ነበር። አቅፎኝ ብዙ ቆየ። ከዚያ ያለኝ ነገር ነው የባሰው፦

‘ጥለኸኝ ሄድክ እንዳትለኝ። እስከ በሩ ድረስ እጅህን ይዤ ነው ያመጣሁህ። በሩን ከፍቼ ግባ ስልህ ነው የጠፋኸው።’

እኔንም እጅ ይዞ ያመጣኝ እንዳለ ነገርኩት። በምን ቋንቋ አናገረህ አለኝ። በኦሮምኛ ስለው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ጉሙ እስኪገፈፍ እዚያው ስንጠብቅ፣ ጥግ ይዘን፣ በሰባት ዓመት ያልነገረኝን ነገረኝ። ጣሊያን የገባው ሙክታር ከሚባል የሰኮሩ ልጅ ጋር ነበር፣ ከጅማ አብረው የወጡ፣ ባሕሩን አብረው የተሻገሩ ናቸው። በዚያው ዓመት በበረዶው ወራት ያንን ተራራ በእግር አቋርጠው ፈረንሳይ ሊገቡ ሞከሩ፣ በሸራ ጫማ። ጉም ያዛቸው። ሙክታር እግሩ ደነዘዘ፣ አንዋር እጁን ይዞ ጎተተው፣ ብዙ ጎተተው። ‘እጄን እንዳትለቅ ሲለኝ ነበር’ አለኝ ወንድሜ፣ ‘ለቀቅኩት ተማም።’ ሲነጋ ብቻውን መንደሯ ደረሰ፣ ለማንም አልተናገረም፣ ለልጁ እናት ‘ከተማ ላይ ተለያየን፣ ፈረንሳይ ሳይገባ አልቀረም’ ብሎ ደወለላቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ እየወጣ ይፈልገዋል። አገር ቤት የማይመጣው ለዚህ ነው፣ ከአዲስ አበባ ጅማ የሚወስደው መንገድ ሰኮሩን ሳያልፍ አይደርስማ። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፣ ‘ለእናቱ አንተ ንገርልኝ። እሳቸው ካወቁ፣ የፈለጉትን ይርገሙኝ፣ እመጣለሁ።’

ቃል ገባሁለት። እዚያው ተጨባበጥን።

ከተመለስኩ በኋላ ከአዲስ አበባ ስወርድ ሰኮሩ ላይ ከአውቶብሱ ወረድኩ፣ የቀትሩ ዙሁር ሶላት አልፎ ነበር፣ አስፋልቱ ይጋያል። የሙክታር እናት ዘሃራ መንገዱ ዳር ሙዝና ለስላሳ ይሸጣሉ፣ ከሱቃቸው በስተኋላ አንድ ክፍል አለቻቸው። የአንዋር ወንድም ነኝ ስላቸው እጄን ሳሙኝ፣ ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ሲናገሩ ረጋ ያሉ፣ አእምሯቸው የተሟላ ሰው ናቸው፣ ይህን አጥብቄ እነግርሃለሁ። ቤተሰቤን አንድ በአንድ ጠየቁኝ። እኔ በስንት መከራ ‘ስለ ሙክታር ልነግርዎት ነው የመጣሁት’ አልኩ።

‘አውቃለሁ ልጄ’ አሉ። ‘ግን አትንገረኝ።’

ግራ ገባኝ፣ ለምን አልኳቸው።

‘ከነገርከኝ መምጣቱን ይተዋል።’

 ከዚያ እንደ ተራ ነገር፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ብቅ እንደሚል፣ ብዙ እንደማያወራ፣ አንዳንድ ቀን እንደሚቀር፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ አንድ እሁድ ሳይመጣ ቀርቶ እንዳሳሰባቸው አወሩልኝ። ቀኑን ቆጠርኩት፣ እኔ ጉሙ ውስጥ የጠፋሁበት እሁድ ነው። አልነገርኳቸውም።

‘እግሩ በጣም ይቀዘቅዛል’ አሉኝ፣ ‘ውኃ አሞቅለታለሁ።’

አልጋው ሥር ውኃ ያለበት ሳፋ ነበር። ‘አሁን ገና ከእሳት ላይ አውርጄ የገለበጥኩት ነው፣ ዛሬ ቶሎ ሄደ፣ ወገቤን ስለሚያመኝ ድፋልኝ’ አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፣ ውኃው ፈሰስ ብሎ ጣቶቼን ነካኝ። ወዳጄ፣ በዚያ ቀትር፣ በሰኮሩ ሙቀት፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ የሚያቃጥል ብርድ ነበር። ወስጄ ደፋሁት፣ ሳፋውን መለስኩ፣ ደህና ይዋሉ ብዬ ወጣሁ። 

ጅማ ስገባ እናቴ አንዋር መቼ ነው የሚመጣው አለችኝ፣ በቅርቡ አልኳት። እሱ በየሁለት ቀኑ እየደወለ ነገርካቸው ወይ ይለኛል፣ አላገኘኋቸውም፣ ታመው ነበር፣ እያልኩ ሁለት ወር ገፋሁ። ባለፈው ዓርብ መዋሸቱ ሰለቸኝና ዘሃራ ያሉኝን ሁሉ ሳላስቀር ነገርኩት። አላለቀሰም፣ አልጮኸም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፣ ‘እግሩ ይቀዘቅዛል አሉ?’ አዎ አልኩት። ‘እሁድ ሞቅ ያለ ጫማ ይዤለት እወጣለሁ፣ ላይ በረዶው ገና አለ’ አለኝ፣ አትሂድ ብዬ ስለምነው መስመሩ ተቋረጠ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ሆቴሉ ከእሁድ ጀምሮ አላየነውም ይላል። ወደ እሱ ስልክ ስደውል ይጠራል፣ አንድ ጊዜ ይነሳል፣ ነፋስ እሰማለሁ፣ ይዘጋል።